ሁለተኛው ፍሬን

መኪና መንዳት የማስተምር ሰው ነኝ። የማስተምርባት መኪና ሁለት ፍሬን አላት፤ አንዱ ተማሪው እግር ሥር፣ ሌላው እኔ እግር ሥር። ሁለቱ ባንድ ብረት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲረገጥ ሌላውም አብሮ ይወርዳል። መሪ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ተማሪው ጋ ነው። ስለዚህ የኔ ሥራ ሲጠቃለል መጮህና ፍሬን መርገጥ ነው። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ጋሼ ፍሬን» ይሉኛል፤ የማላውቅ ይመስላቸዋል። እኔ ስሙን እንደ ሹመት ነው የምቆጥረው። በዚህ እግር የተረፈው አጥር፣ ውሻና የመብራት ምሰሶ ተቆጥሮ አያልቅም።

ልጄን «ነፋሴ» እያልን ነው ያሳደግናት። ድሮ አንድ ቦታ አትቀመጥም ነበር። እንቁላል ልትጠብስ መጥበሻ ትጥድና ጫማዋን ልታጥብ ትወጣለች፤ ጫማውን አረፋ ውስጥ ትታ የጎረቤት ድመት ልታይ ትሄዳለች፤ እኛ ደግሞ ጭሱን አይተን እንሮጣለን። እንስቅ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ነፋሱ ቆመ። ከትምህርት ቤት ትመጣና ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ፈተና ሲቃረብ እጇን ያልባታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ በር ሲንኳኳ ክው ትላለች። እኔ የዕድሜ ነገር ነው አልኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ድሮም ክፉ ዕድሜ ነው፣ ያልፋል አልኩ።

እናቷ የኔን «ያልፋል» ስትጠብቅ አልተቀመጠችም፤ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፣ እኔም እየተነጫነጭኩ ተከተልኩ። ዶክተሯ እርጋታዋ የሚያናድድ ወጣት ሴት ናት። ድባቴ ነው አለች። ጭንቀትም አለባት አለች። ትኩረቷን መሰብሰብ አለመቻሏ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አብሯት የኖረ ችግር እንጂ ቅብጠት አይደለም አለች።

«ሦስቱንም ባንዴ?» አልኩ። «ገበያ ወጥታ ነው እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ዶክተሯ ነፋሴን ውጭ እንድትጠብቅ ካደረገች በኋላ ትነግረን ጀመር። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ አትመርምሯት፤ ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ አንድ ነገር እየሠራችሁ አናግሯት። ሥራ ስትሰጧትም አንድ ባንድ ይሁን። ያዘዝኩላት መድኃኒት ቶሎ ለውጥ አያሳይም፣ ታገሡ። ይህን ብላ ወደኔ ዞረች።

«ለሕይወቷ ከሰጋችሁ ደግሞ በቀጥታ ጠይቋት። ራስሽን ለማጥፋት ታስቢያለሽ ወይ ብላችሁ። አዎ ካለች ቀጠሮ ሳትሉ ይዛችኋት ኑ።»

ደሜ ፈላ። «ዶክተር፣ እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ይነገራል? ያላሰበችውን ማሳሰብ አይሆንም?»

«አይሆንም። ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣውም። ካለ ግን እንድታወጣው በር ይከፍትላታል።»

ሟርት ነው ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼ ነው። ያችን ጥያቄ በልቤ እንኳ ልላት አልደፈርኩም። ስለዚህ በጥያቄው ፈንታ የለመድኩትን ሥራ ሠራሁ። ስልኳን ቀማኋት። የክፍሏን ቁልፍ ነቀልኩ። ከጓደኛዋ ጋር ልትወጣ ስትል «ቆይ» አልኩ፣ ብቻዋን ስትቀመጥ «ተነሺ» አልኩ። አንዳንዴ «አባዬ፣ እኔ እኮ...» ብላ ትጀምራለች፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሲሸተኝ «እንዲህማ አይባልም!» ብዬ እዘጋዋለሁ። አንድ ቀን እናቷ ድንች እየላጠች ቀና አለችና «አንተ ሰውዬ፣ ያንን ፔዳል ቤት ድረስ ይዘኸው ነው እንዴ የምትመጣው?» አለችኝ። ተቆጥቼ ውልቅ አልኩ።

መንዳት ላስተምራት ያሰብኩት ከዶክተሯ ምክር ውስጥ «ጎን ለጎን» የምትለዋ ስለተመቸችኝ ነው። ጎን ለጎን መቀመጥ ሥራዬ ነው። የጀመርነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ያውም በአጋጣሚ። ያን ሰዓት የያዝኩት ለሌላ ተማሪ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በስፖኪዮው ከኋላ የሚመጣውን መኪና ሳይሆን የራሱን ፀጉር ሲያይ ነው የሚውለው። ሳይነግረኝ ቀረ። ዘር ማንዘሩን እየረገምኩ ቤት ተመለስኩና ነፋሴን «ነይ ውጪ፣ ዛሬ ሾፌር ትሆኛለሽ» አልኳት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ክፍሉ ደግሞ ከወትሮው ውጭ ጽድት ብሏል። እንደ እብድ ስታየኝ ቆየች። በኋላ ግን ጫማዋን አደረገች።

ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ተለማመድን። አንድ ባንድ ሄድኩላት፤ መጀመሪያ ፍሪሲዮን፣ እሱ ሲገባት ማርሽ፣ ከዚያ ነዳጅ። የሚገርመው፣ እጅና እግሯ ሥራ ሲይዙ ያ የሚበተነው ሐሳቧ ሰብሰብ ይላል። ፍሬቻ ማብራት ብቻ ይጠፋባታል። በየቅዳሜው ትንሽ ትንሽ ማውራትም ጀመረች፤ እንቅልፍ እንደሚያስቸግራት፣ ክፍል ውስጥ ስትጠራ ጆሮዋ እንደሚጮህባት፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ትነግረኛለች። አንድ ቀን እንዲያውም ዳገት ላይ ሞተር ጠፍቶባት ከት ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ ይዤ ቤት ገባሁና ለእናቷ «በቃ፣ ዳነች» አልኳት። ዶክተር ሆኜ አረፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ አስፋልት አወጣኋት። ከአደባባዩ ወጥተን በቀኝ በኩል ቀስ እያልን ነው። ጥሩ እየነዳች ነበር።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?»

«ስፖኪዮሽን እያየሽ ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ልምምድ የወጣን ቀን ትዝ ይልሃል? ያ ፀጉር አስተካካዩ የቀረ ቀን?»

«እንዴት እረሳዋለሁ፣ ያንን ወስላታ!»

«ያን ቀን ልሞት ወስኜ ነበር።»

ረገጥኩት። መላ ሰውነቴ እግሬ ላይ ወርዶ ረገጥኩት። መኪናዋ ዘላ ቆመች፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ቀበቶው ደረቴን ያዘኝ። ከኋላችን ጎማ አፏጨና አንድ ዳቦ የጫነ መኪና ሊነካን ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ክላክሱ መንገዱን አናጋው።

ሾፌሩ ወርዶ መስኮቴ ጋ መጣ። «ጋሼ! አስተማሪው እንዲህ ካቆመ ተማሪውማ ምን ሊሆን ነው?»

ሰውዬው ፊቴን አየው፣ ነፋሴን አያት፣ ከዚያ ምንም ሳይጨምር ዝቅ ባለ ድምፅ «አይዟችሁ» አለና ዞሮን ሄደ። ያን ቀን ጽድት ብሎ ያገኘሁት ክፍሏ ዓይኔ ላይ መጣ። ያ ሰነፍ ፀጉር አስተካካይ በሰዓቱ ቢመጣ ኖሮ እኔ ከሱ ጋር አደባባይ እዞር ነበር።

«ለዚህ ነው ያልነገርኩህ» አለች።

«ለምኑ?»

«እንዲህ እንደምትረግጠው አውቅ ነበር። ልናገር ስጀምር ሁሌ ትረግጠዋለህ። አባዬ፣ እግርህ እኮ ይሰማኛል። ገና ስትፈራ ፔዳሉን ነካ ታደርገዋለህ፣ እኔ እግር ሥር ይንቀሳቀሳል። እቤትም እንደዛው ነህ።»

«እንዲህማ አይባልም» የምትለዋ ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት፤ እንደ ድንጋይ ወረደች። ከዚያ ያችን ሟርት ያልኳትን ጥያቄ፣ የራሴ በማይመስል ድምፅ፣ መንገዱን እያየሁ ጠየቅኳት።

«አሁንስ? አሁንም ራስሽን ለማጥፋት ታስቢያለሽ?»

መኪኖች እየዞሩን ያልፋሉ።

«ሁልጊዜ አይደለም» አለች። «ትናንት ግን አስቤ ነበር። ስለፈራሁ ነው ዛሬ የምነግርህ።»

«ቀጥይ።»

ቀጠለች። ያለችውን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ የሷ ነው። እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ልጄ ከኔ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሆና ለብቻዋ ከሞት ጋር ስትሟገት መክረሟን ነው። እንባዬ መጣ፤ አልጠረግኩትም።

ስትጨርስ «ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ። አሁኑኑ ዶክተሯ ጋ እንሂድ» አልኳት።

«ቀጠሮ የለንም እኮ።»

«ያለ ቀጠሮ ኑ ብላናለች።»

«እንደዛ ብላለች?» ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችኝ። «መቼ?»

«ያኔ። እኔ ነኝ አፍኜ የያዝኩት።»

እናቷ ጋ ደውዬ «ሐኪም ቤት ድረሺ» አልኳት፤ ከድምፄ ገባት፣ ምንም አልጠየቀችኝም። ከዚያ ቦታ ልንቀያየር ቀበቶዬን ልፈታ ብል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

«እጅህ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለች ነፋሴ። «እኔ ልንዳ። ቅርብ ነው።»

እጇን አየሁ። መሪው ላይ ጸጥ ብሏል። ስንት ተማሪ መዝኛለሁ፤ በዚያች ሰዓት ከሁለታችን ለመንዳት ብቁ የነበረችው እሷ ናት።

«እግርህን ግን አንሣልኝ» አለች።

ወፍራም ሰው ነኝ። መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋሁት፣ እያቃሰትኩ ሁለት እግሬን ሰብስቤ ላዩ ላይ አወጣሁ፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ደረሰ። ሰው ቢያየኝ ተማሪ አስለቅሶት የተኮራመተ መምህር ይለኝ ነበር። ነፋሴ ሞተሩን አስነሣች፣ ስፖኪዮዋን አየች፣ ወጣች። ፍሬቻ አላበራችም፤ ዝም አልኩ። በየመስቀለኛው መንገድ ቀኝ እግሬ ልውረድ እያለ ይታገለኛል፣ በሁለት እጄ ጉልበቴን አቅፌ ያዝኩት።

ሐኪም ቤቱ አጠገብ መብራቱ ቀይ ሆነ። ፊት ለፊታችን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሟል፣ እየቀረብነው ነው። ምላሴን ነከስኩ። ዓይኔ ወደ ታች ወረደ፤ እዚያ የማንም እግር ያልነካው የኔ ፔዳል ቀስ ብሎ፣ ብቻውን ዝቅ አለ።

መኪናዋ ቆመች። የረገጠችው ልጄ ነበረች።