ብቻዋን ተወዳድራ ሁለተኛ የወጣችው ቲልዳ

ቲልዳ ፎግት በክፍለ ግዛቱ የበረዶ ላይ መንሸራተት ሻምፒዮና አራት ዓመት በተከታታይ አራተኛ ወጣች። የሚወዳደሩትም አራት ነበሩ።

አስራ ሰባት ዓመት በሞላት ጊዜ ግን ዕድል ፊቷን ያዞረችላት መሰለ። አንዷ ተቀናቃኟ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ሌላዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ልማር ብላ ጫማዋን ሰቀለች፤ ሦስተኛዋም ከአንድ ረጅም ጎረምሳ ጋር ተጣምራ ወደ ጥንዶች ውድድር ተሻገረች። የአውቶቡስ ሾፌሩ አባቷ ጌርኖት ይህን ሲሰማ ልጁ ዘንድሮ ሻምፒዮን እንደሆነች ለባልደረቦቹ አስቀድሞ አወራ። ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል?

በውድድሩ ቀን ተራ በዕጣ ይወጣል ተባለ፤ ደንብ ነዋ። ቲልዳ ከረጢቱ ውስጥ እጇን ከታ የነበረችውን አንዲት ቁጥር አወጣች። አስተናባሪዋ ቁጥሩን በጥንቃቄ መዝግባ፣ ስታሟሙቅ የሌሎቹን መንገድ እንዳትዘጋ አስጠነቀቀቻት። ቲልዳም ባዶውን በረዶ ግራ ቀኝ እያየች አሟሟቀች።

ሙዚቃው ተጀምሮ እስከ መጨረሻው ዝላይ ድረስ እንዲህ አምሮላት አያውቅም። በመጨረሻው ዝላይ በመቀመጫዋ ዘጭ አለች፤ ግን ወዲያው ተነስታ ጨረሰች። ውጤቷ ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ሆነ።

ዳኞቹ በር ዘግተው አንድ ሰዓት ሙሉ ተመካከሩ። የዳኞቹ አለቃ አቶ ቡትነር የደንቡን መጽሐፍ ታቅፈው ሲወጡ፣ አንደኛ ለመባል ቢያንስ ዘጠና ነጥብ እንደሚያስፈልግ አስረዱ።

«ስለዚህ ሁለተኛ ወጥተሻል፤ እንኳን ደስ አለሽ» አሏት።

ጌርኖት የያዘውን የድንች ሰላጣ አስቀመጠ። «ማን በልጧት?»

«ማንም አልበለጣትም። አንደኛው ቦታ ክፍት ነው።»

«ሁለተኛ ማለት እኮ ከሰው ቀጥሎ ማለት ነው፣ ጌታዬ።»

«ከቦታ ቀጥሎ ነው» አሉ አቶ ቡትነር፣ ሳይቆጡ።

ጌርኖት አቤቱታ አቀርባለሁ ብሎ ቅጹን ተቀበለ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ቅሬታ የቀረበበት አሸናፊ ሙሉ ስም» ይላል። እስክሪብቶውን እንደያዘ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ቲልዳ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመች። ፎቶ አንሺው አንደኛው ቦታ በደንብ እንዲታይ ትንሽ ጠጋ እንድትልለት ለመናት። ከፍ ያለው ደረጃ ከእግሯ አንድ ስንዝር ብቻ ይርቅ ነበር። ልትወጣበት ቃጥቷት ነበር፤ አቶ ቡትነር እያዩአት ስለነበር ተወችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ወደ አገር አቀፉ ሻምፒዮና የሚሄደው አንደኛ የወጣው ነው፤ አንደኛዋ እስካሁን ስላልቀረበች ቲልዳ በተጠባባቂነት ተጠርታለች፤ አንደኛዋ ከመጣች ግን ቦታውን ትለቃለች። አሰልጣኟ ወይዘሮ ኬስለር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው «በይ ተነሽ፣ ሳትመጣ እንሂድ» አሉ።

በዚያ ሃያ ሁለት ልጆች ተወዳደሩ። ቲልዳ አንድም ጊዜ አልወደቀችም፤ ሃያ አንደኛ ወጣች። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስትገባ፣ የመጨረሻዋ ልጅ ፎጣ ፊቷ ላይ ጥላ ታለቅሳለች። ቲልዳ ምን እንደምትላት ጨንቋት አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስንተኛ ወጣሽ?» አለች ልጅቷ ከፎጣው ሥር።

«ሃያ አንደኛ።»

«ደስ ይላል?»

«በጣም። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሰው ቀድሜ አላውቅም ነበር።»

ልጅቷ ፎጣውን አንስታ አየቻት። ከዚያ ንፍጧን እየጠረገች ሳቀች፤ ቲልዳም የጫማዋን ማሰሪያ እንድትፈታ ቦታ ለቀቀችላት።