ሳላይ «አለፈ» ያልኩበት ፊልም

«የልጆች ፊልም ነው» ብሎ የከፈተልን ልጄ ነው። ሙዚቃው ገና ሲለወጥ የልጅ ልጄ ፊቷን ጉያዬ ውስጥ ቀበረች።

«አያቴ፣ ሲያልፍ ንገሪኝ እሺ?»

እሺ አልኳት። መቀስ የያዘ አሻንጉሊት ከቁም ሳጥን ሲወጣ ግን እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ። ድምፁ ጸጥ ሲል ሳላይ «አለፈ፣ የኔ እናት» አልኳት። ቀና ስትል አሻንጉሊቱ ቴሌቪዥኑን ሞልቶት ነበር።

አልቅሳ ሲወጣላት፣ «አይተሽ ነው ያልሽኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላየሁም» አልኩ፤ ከዚህ በላይ ልዋሻት አልቻልኩም።

ልጄ ሳቀ። «እማዬ፣ እኔንም በልጅነቴ እንዲሁ ነበር የምትሸውጂኝ።»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። «ታዲያ እያወቅክ ለምን አልነገርከኝም?»

ልጄ ፊልሙን አጠፋው። እሷም ትራስ አቅፋ ከሁለታችንም ርቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።