ዴስ ያበሰበሰው ኮርኒስ

አቪስ ባሏ ዴስ ከሞተ በኋላ መኪናዋን አልሸጥም ብላ ብቻዋን መንዳት ስትጀምር፣ አበደች ያላት ሰው ብዙ ነው። መኪና ሲባል ግን ታክሲ አይምሰላችሁ። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያላት፣ ባልና ሚስት ጡረታ ሲወጡ አደሌድ የነበረ ቤታቸውን ሸጠው የገቡባት፣ አውስትራሊያን ከዳር ዳር ያካለሉባት አሮጌ ቤት ናት። ከኋላዋ «ዴስ እና አቪስ፣ ቻናል 18» የሚል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎባታል፤ እንደነሱ መንገድ ላይ የሚኖር ጡረተኛ ሁሉ በሬዲዮ እንዲጠራቸው። ዴስ ከሞተ በኋላም የሚጠራው አልጠፋም። «ዴስ፣ ወዳጄ፣ ከኋላህ ነኝ፤ ልለፍህ?» ይላል አንዱ። አቪስም «እለፍ» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም።

አሁን ግን ይህችን ቤት ልታጣት ነው። ያውም በጨርቅ ምክንያት።

የመኪናዋ ኮርኒስ በስስ ስፖንጅ ላይ የተለጠፈ ግራጫ ጨርቅ ነው። ካረጀ ቆይቷል፤ እዚህም እዚያም ረግቦ እንዳልታለበች ላም ጡት ተንጠልጥሏል። ማክሰኞ ዕለት ከሴዱና ወደ ስትሪኪ ቤይ ስትነዳ ሙቀቱ ባሰባትና መስኮት ከፈተች። ነፋሱ ገብቶ የፊት ለፊቱን ኮርኒስ ከመስታወቱ ጫፍ ነቀለና ፊቷ ላይ ጣለው። በአንድ እጇ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ስትታገል መኪናዋ ከአስፋልቱ ወርዳ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተች። አንድ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በአጠገቧ ሲያልፍ ሰማችው እንጂ አላየችውም። ቆማ ጨርቁን ከፊቷ ስትገፈው አፏ በስፖንጅ ብናኝ ተሞልቶ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ አላለቀሰችም፤ እዚያ ጠጠር ላይ ቆማ ግን አለቀሰች።

ይህን ለልጇ ለግራንት በስልክ መንገሯ ስሕተት ነበር።

«እማዬ፣ በቃ» አለ ግራንት። «ወይ እስከ ቅዳሜ ኮርኒሱን በደንብ አሠሪው፣ ወይ እኔ ራሴ መጥቼ መኪናዋን እወስዳታለሁ። እኔ ቤት ጓሮ ያለው ክፍል ባዶ ነው።»

«ጓሮ የውሻ ነው።»

«እማዬ!»

«ሰማሁ እኮ። ቅዳሜ።»

ግራንት ዛቻ አያበዛም፤ ካለ ግን ያደርገዋል። ደግሞም እውነቱን ነው፤ ይህን አቪስም ታውቃለች፤ የከፋትም እሱ ነው።

የኮርኒሱ ነገር ታሪክ አለው። ታሪኩን ደግሞ ከፐርዝ እስከ ፖርት ኦገስታ የማያውቀው መንገደኛ የለም፤ አቪስ በደረሰችበት ሁሉ ታወራዋለችና።

ከምዕራብ ተነሥቶ በመሃል ያለውን ረጅም በረሃ የሚያቋርጥ ሁሉ ሴዱና ላይ ይፈተሻል፤ የፍራፍሬ ዝንብ እንዳይዛመት ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ ይወረሳል። የተቀቀለ ግን ያልፋል። ስለዚህ ከፍተሻው በፊት ባለው ምሽት ሰው ሁሉ የቀረውን ካሮት፣ ዱባና ድንች አንድ ድስት ውስጥ ከትቶ ሾርባ ያደርገዋል። የዛሬ ስድስት ዓመት አቪስም እንደ ደንቡ ትልቁን ድስት ጣደች፤ መኪናዋ በእንፋሎት ታፈነች። ዴስ ተነሥቶ ከአልጋው በላይ ያለውን የጣሪያ መስኮት ከፈተ። ሾርባው ሲደርስ ሁለቱም ሳህናቸውን ይዘው ጎረቤት መጠለያ ሥር ሊበሉ ሄዱ፤ ዴስ ወሬ ሲሰልቅ መስኮቱን መዝጋት ረሳ። ዝናብ የማያውቀው በረሃም ሌላ ቀን ያጣ ይመስል ያን ምሽት ዘነበ። ተመልሰው ሲገቡ አልጋው ኩሬ ሆኖ ጠበቃቸው።

አቪስ እስከ ፖርት ኦገስታ ድረስ አላናገረችውም። በዓመቱ በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ኮርኒስ ረገበ፤ ቡናማ እድፍም ወጣበት።

«አየህ? አበሰበስከው!» አለችው።

ዴስ አልጋው ላይ ቆሞ ቀና አለ፤ እድፉን በጣቱ ዳሰሰው፤ ጣቱንም አሸተተው። ቆየት ብሎ «ጥፋቴ ነው፣ አቪ» አለ። ከዚያ የአሮጌ ልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበትን ቆርቆሮ ከመሳቢያ አወጣ፤ በቁልፎቹ ቀዳዳ ቀጫጭን ምስማር እያሾለከ የረገበውን ጨርቅ ከበላዩ ካለው ጣውላ ጋር ወጠረው። ከዚያ ወዲህ በረገበ ቁጥር አንድ ቁልፍ ይጨምራል። ሲጨምርም «ጥፋቴ ነው» ማለቱን አይተውም።

ዴስ ጭቅጭቅ አይወድም፤ ነገር ሲመጣበት ሆድ ይፍጀው የሚል ሰው ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ አቪስም ስትቆርጥ ኖረች። አመሻሽ ላይ በየሰፈሩ ሁሉም የየራሱን ወንበርና የየራሱን መጠጥ ይዞ ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ፣ የመስኮቱን ታሪክ ታወራለች። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ዴስም ቢራውን ይዞ አብሮ ይስቃል።

ሆስፒታል ተኝቶ ሊሞት ሲል «ለኮርኒሱ ይቅርታ፣ አቪ» አላት። እሷም እጁን ይዛ «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። ይህንንም ታሪኩ መጨረሻ ላይ ጨመረችው። እዚያ ላይ ስትደርስ የሳቀው ሁሉ ዓይኑን ይጠርጋል፤ አቪስም ይህን ስታይ ልቧ ጥቂት ይሞቃል።

እንግዲህ ስትሪኪ ቤይ ከባሕሩ ዳር መርልን አገኘቻት። መርል እንደሷ ባሏ የሞተባት፣ ዴስንም በሕይወት ሳለ የምታውቀው መንገደኛ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የአውቶቡስ ወንበርና ኮርኒስ ስታለብስ የኖረች፣ ድምፅዋ ከሰፈሩ ማዶ የሚሰማ። ገና ወደ አቪስ መኪና እንደገባች ቀና ብላ ሣቀች።

«ውይ አንቺ ሴት! ይሄ ኮርኒስ ነው ወይስ የሙሽራ ቀሚስ?»

«የፊቱን ብቻ ለጥፊልኝ። የኋላው ቁልፍ አለው፤ ይቆያል።»

መርል ጨርቁን በጣቷ ጠቅ አደረገችው። ቡናማ ብናኝ ትከሻዋ ላይ ረገፈ።

«ስፖንጁ ሞቷል፣ እቴ። ማስቲሽ ብትቀቢው ከምን ጋር ይያዛል? ከዱቄት ጋር? ሁሉም ይወርዳል።»

«ቁልፎቹም?»

«ቁልፎቹም።»

«እነሱን ዴስ ነው ያደረጋቸው።»

«አውቃለሁ። ግማሽ ሥራ ግን አልሠራም። በዚሁ ወር ደግሞ የኋላው አልጋሽ ላይ ይወርድና ‹መርል የሠራችው› ይባላል፤ ስሜን የትም አታስጠሪኝም!» ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በዚህ ብናኝ እየሳልሽ ነው የምታድሪው። እሱም ቢሆን ይሄን አይወድልሽም።»

አቪስ ያን ቀን እሺም እምቢም አላለች። በማግስቱ ጠዋት አልጋው ላይ ቆመች፤ ቁልፎቹን እሷው ራሷ በቢላ ጫፍ እየፈነቀለች ታወጣ ጀመር። የዴስ የሥራ ሸሚዝ ቁልፍ አለ። የግራንት የትምህርት ቤት ካፖርት ቁልፍ አለ፤ የእሷ የአረንጓዴው ቀሚስ አለ፣ ዴስ ሊያጫት በመጣ ጊዜ የለበሰችው። እያንዳንዱን ወደ ቆርቆሮው ስትጥል ይንቃጨላል። ቁልፎቹ ሲያልቁ ኮርኒሱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ራሷን ነካት።

«እንግዲህ አፍሽን ሸፍኚ» አለች መርል።

ሁለቱ አሮጊቶች በጨርቅ ተሸፋፍነው ሲጎትቱ ግራጫው ነገር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ወረደ። መኪናዋ ውስጥ ጉም የመሰለ አቧራ ሞላ። ከዚያ በብሩሽ ጣውላው ላይ የቀረውን ስፖንጅ ሲፈትጉ ዋሉ፤ ዋናው ሥራ ይኼ ነው፤ ጨርቅ መለጠፉስ የአንድ ከሰዓት ነገር ነው። አቪስ ሆን ብላ የአልጋውን በኩል ለመጨረሻ አቆየችው። መስኮቱ ዙሪያ ስትደርስ እጇ ቀስ አለ።

«እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፤ የበሰበሰው ይሄ ነው» አለች። «ጣውላው እጅሽ ላይ እንዳይፈርስ።»

መርል ቀረብ ብላ ብሩሹን አሻሸችው። ብናኙ ወረደ፤ ጣውላው ታየ። ነጣ ያለ፣ ንጹሕ፣ ደረቅ ጣውላ። በቡጢ መታ መታ አደረገችው፤ ጠንካራ ድምፅ ሰጠ። የምስማሮቹ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩበት።

«የበሰበሰው የት አለ?» አለች አቪስ።

«ምኑ?»

«ውኃ የገባበት ነዋ! ዴስ መስኮቱን ከፍቶ...»

«ውኃ ገብቶበት አያውቅም። ገብቶበት ቢሆን ይሄ ጣውላ ጠቁሮ በጣቴ በበሳሁት ነበር።»

«ዘንቦ እኮ ነበር! አልጋው ሁሉ...»

«አልጋው አዎ። ዝናቡ በመስኮቱ ቀጥ ብሎ ወርዶ አልጋሽን መታው። ከዚያ ተመልሶ ሽቅብ ወጥቶ ኮርኒስሽን አረጠበው? ውኃ ሽቅብ ይወጣል እንዴ፣ አቪስ?»

አቪስ ቀና ብላ የመስኮቱን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች።

«እድፉስ?» አለች።

«ማስቲሹ ነው። በረሃ ለበረሃ ስትነዱት ይቀልጥና በጨርቁ ያልፋል። የአሮጌ መኪና ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ሲያዩት የውኃ ይመስላል፤ ሲያሸቱት ግን የማስቲሽ ሽታ አለው።»

ሲያሸቱት። አቪስ ብሩሹን አስቀምጣ ፍራሹ በተነሣበት በአልጋው እንጨት ላይ ተቀመጠች። ዴስ እድፉን በጣቱ ዳስሶ፣ ጣቱን ወደ አፍንጫው ወስዶ፣ ዝም ብሎ ቆሞ የነበረው መጣባት።

«ታዲያ ስፖንጁን ምን ገደለው?»

«ዕድሜ ነዋ፤ እኔንና አንቺን የሚገድለን።» መርል ልትስቅ ብላ የአቪስን ፊት አየችና ተወችው። ከቆመችበት መሰላል ወርዳ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ዴስ እኮ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር» አለች አቪስ።

«አውቃለሁ። አምና የእኔን ማጠቢያ ሠርቶልኛል።»

«ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ጣሪያ ሥር ገብቶ ውኃ በየት እንደመጣ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። ይሄ ይጠፋዋል?»

መርል ከአቪስ ትከሻ ላይ ብናኙን አራገፈችላት።

«አውቆ ነው» አለች አቪስ። «አውቆ ነው ዝም ያለኝ። ሊነግረኝ አስቦ ነበር ይሆናል፤ ከዚያ ስጮህበት ተወው። ያን ሁሉ ሰው አሳቅኩበት፣ መርል። አንቺም ስቀሻል።»

«ስቄያለሁ» አለች መርል። «እሱም ስቋል።»

«እሱማ ምን ያድርግ?» አቪስ በአቧራ የተሸፈነ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ ሞቶ የማይሞገስ የለም። ዴስን ግን ማንም ሲያሞግሰው አልተሰማም፤ መስኮት የረሳው ሰውዬ ሆኖ ነው የቀረው። እንዲህ ያስቀረችው ደግሞ ጎረቤት አይደለችም፤ ሚስቱ ናት።

ዓርብ ዕለት ጨርሰው ለጠፉት። አዲሱ ጨርቅ ሰማያዊ ነው፤ ማስቲሹን በሁለቱም በኩል ቀብተው፣ ጠብቀው፣ ከመሃል ወደ ዳር በእጃቸው እየዳመጡ አያያዙት። አቪስ ቆርቆሮውን ብድግ አድርጋ «አንዳንዱን ብመልስስ?» አለች።

«ለምን? ራሱን ችሎ ቆሟል።»

ቆርቆሮውን መልሳ መሳቢያው ውስጥ አስገባችው። ለግራንት ደውላ ማለቁን ነገረችው፤ ፎቶም ላከችለት። «ቆንጆ ነው፤ እንግዲህ ንጂ» አላት። ቤቷ ተረፈላት። ለዚህ ነበር ስትጨነቅ የሰነበተችው፤ አሁን ደስ ሊላት አልቻለም።

የማስቲሹ ሽታ እስኪወጣ በርና መስኮቱን ሁሉ ከፍታ ወንበሯን ይዛ ወጣች። ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች፤ ሰዉ ባሕሩ ዳር ክቡን ሠርቶ ተቀምጧል። ከፐርዝ ገና የመጡ ሁለት ጥንድ ባልና ሚስት አሉ። ኬል የሚባለው ሽማግሌ አቪስን ሲያያት ቢራውን ከፍ አደረገ።

«መጣችላችሁ! አቪስ፣ ለአዲሶቹ የመስኮቱን ታሪክ ንገሪያቸው እስኪ። ባልሽ ኮርኒሱን ያበሰበሰበትን!»

መርል «ኬል፣ ዛሬ ተዋት» አለች።

«ግድ የለም፤ እነግራቸዋለሁ» አለች አቪስ። ወንበሯን ዘርግታ ተቀመጠች። እንደ ሁልጊዜው ከሾርባው ጀመረች፤ ድስቱን፣ እንፋሎቱን፣ መስኮቱን፣ ዝናቡን ተረከች። አልጋው ኩሬ ሆነ ስትል ሳቁ። እስከ ፖርት ኦገስታ አላናገርኩትም ስትል ይበልጥ ሳቁ።

«እንግዲህ ትናንት ኮርኒሱን አወረድነው» አለች። «ጣውላው ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ ውኃ አልነካውም፤ አርጅቶ ነው። ዴስ ገና ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እስኪሞት ድረስ ‹ጥፋቴ ነው› እያለኝ ቁልፍ ሲመታበት ኖረ።»

ከአዲሶቹ አንዱ የቀልዱ መጨረሻ መስሎት ሳቀ፤ ሚስቱ ክንዱን ያዝ አደረገችው። ኬል ቢራውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሊሞት ሲል ይቅርታ ጠየቀኝ» አለች አቪስ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ድምፅዋ ይለሰልስ ነበር፤ ዛሬ አልለሰለሰም። «እኔም ይቅር አልኩት።»