ብቻውን የወጣው ነጥብ

"አንዱ ከቤተሰቡ ተኳርፎ ወጥቷል" አለች ሔለን፣ ጣቷን ወደ ኮምፒውተሩ ቀኝ ጥግ ቀስራ።

ኢሳያስ ከኋላዋ ቆሞ አየ። ስታታ የተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም የሣለው ሥዕል ቀላል ነበር፤ በአግድም ውጤቱ በአጋጣሚ መምጣት አለመምጣቱ የሚመዘንበት ፒ-ቫልዩ፣ ሽቅብ የተሳታፊዎች ብዛት። እናቶችን ስለ እጅ መታጠብ ማስተማር የሕፃናትን ተቅማጥ ይቀንስ እንደሆነ የመረመሩ አሥራ ዘጠኝ ጥናቶች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ሆነው ሰፍረዋል። ብዙዎቹ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሌላ በሪፖርታቸው ያሰፈሩት ነገር ስላልነበረ፣ ጎን ለጎን ለማየት የተሻለ መንገድ አልተገኘም። አሥራ ስምንቱ በሁለት ጥምዝ መስመሮች መካከል ተሰብስበዋል። አንዱ ከመስመሮቹ ውጭ፣ ሩቅ ነው።

የጥናቶቹን ዝርዝር ሳያይ አወቀው።

ሔለን ግን ዝርዝሩን ከፈተች። በዩኒቨርሲቲው ረዳቱ ከሆነች ገና ዓመቷ ነው። ስሙን ስታገኝ ፊቷ በራ።

"የእርስዎ ነው እኮ፣ ጋሽ ኢሳያስ። ጨና ወረዳ ላይ የሠሩት። የጨና እናቶች ከአገሩ ሁሉ ጎበዞች ናቸው ማለት ነው።"

አልሳቀም።

ጥናቱን የሠራው በ1999 ዓ.ም.፣ ወጣት የጤና ባለሙያ ሳለ ነበር። በበጋ ቤት ለቤት ዞረው በአራት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች የታመሙ ሕፃናትን መዝግበዋል። እናቶቹ ከተማሩ በኋላ፣ በክረምት፣ እነዚያኑ ቤቶች ዳግም መጎብኘት ነበረባቸው። ከዋጫ ከተማ በላይ ያለው መንገድ በዝናብ ተቆረጠ። የሪፖርቱ ቀን ደረሰ። ኢሳያስ በገበያ ቀን ሺሺንዳ ወርዶ ከመዝገቡ ስድሳ እናቶችን አገኘ፤ እያንዳንዷን ስለ ልጇ፣ ከዚያም ስለ ጎረቤቶቿ ልጆች ጠየቃት። መልሷን ጎረቤቶቿ ራሳቸው እንደተናገሩት አድርጎ በየስማቸው ቅጽ ሞላ።

በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ የሚያስተረጉሙለት የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ እትዬ አልጣሽ፣ ገና ሲጀምር ነግረውት ነበር።

"ገበያ መሐል ቆማ የጎረቤቷን ልጅ ታሟል የምትል ሴት አታገኝም። ነውር ነው። ሁሉም ደህና ናቸው ይሉሃል።"

ሁሉም ደህና ናቸው አሉት። ጻፈ።

ጥናቱ ታተመ፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ያስመረጠውም እሱ ነበር። ትምህርቱ ብቻውን በቂ ነው ተብሎ፣ ለእነዚያ ቀበሌዎች የታሰበው የመጠጥ ውሃ ምንጭ የማጎልበት ሥራ ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እትዬ አልጣሽን ቦንጋ ከተማ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰላምታውን አሳጥሮ ያልፋል። እሳቸው ግን አንድም ቀን አንስተውበት አያውቁም።

"ላውጣው?" አለች ሔለን። "ከሌሎቹ ያፈነገጠ አውትላየር ነው ብለን ብናልፈው የሚጠይቀን የለም።"

ደረቱ ቀለል አለው። እንደቀለለው ሲያውቅ አፈረ።

"አውትላየር አይደለም" አለ።

ነገራት። ስለ ዝናቡ ሲናገር ምክንያት የሚደረድር መሰለውና ዝናቡን ተወው። ስለ ገበያው፣ ስለ ቅጾቹ፣ ስለ ምንጩ ነገራት። ሔለን እጇን ከማውዙ ላይ አነሣች። ድሮ፣ ተማሪው ሳለች፣ ያንኑ ጥናት ምሳሌ አድርጎ አስተምሯት ነበር፤ ሁለቱም ያንን አስታወሱ፤ ማንም አላነሣውም።

"ጋሽ ኢሳያስ" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ማንም እኮ አያውቅም።"

ለእሱ አስባ ነው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

"አሁን አንቺ ታውቂያለሽ።"

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ከትንተናው የወጡ ጥናቶች የሚመዘገቡበትን ሠንጠረዥ እንድትከፍት ነገራት። ሠንጠረዡ ከጽሑፉ ጋር እንደሚታተም አስታወሰችው። እንደሚያውቅ ነገራት።

"ምክንያት፦ ከተመዘገቡት ተሳታፊዎች አብዛኞቹ አልተጠየቁም።"

ጻፈች። የሚቀጥለው ዓምድ መረጃውን ማን እንደሰጠ የሚሞላበት ነበር። ሔለን ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋ ቆየች።

"የጥናቱ ባለቤት ብል ይበቃል" አለች።

"አይበቃም። ስሜን ጻፊ።"

ኢሳያስ ብላ ጻፈች፤ አቆመች፤ ወደ እሱ ዞረች።

"ወልደሥላሴ" አለ። "የአባቴንም ጨምሪ። በዚህ ከተማ ኢሳያስ የሚባል ብዙ ነው።"