ዝማሬ የሌለበት ቅዳሴ

ባለቤቴ ዝም በይ ስትባል ዝም የምትል ሴት ብትሆን ኖሮ የእኔ ፀጉር ይህን ያህል ባልሸበተ ነበር። ዶክተሩ ግን ይህን ከየት ይወቀው? ዓርብ ከሰዓት በኋላ የራጅ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥቶ እያየ፣ ዕጢው ክፉ ቦታ ላይ ስለተቀመጠ ሰኞ ጠዋት ማንቁርቷን ጨምሮ እንደሚያወጣው ነገረን። በሕይወት ትኖራለች፤ አንገቷ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ትተነፍሳለች፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፤ ድምፅ ግን አይኖራትም። እስከዚያው አንዲት ቃል እንዳታወጣ፣ ማንሾካሾክም ቢሆን እንደማይፈቀድ አስጠነቀቀን። ጉሮሮዋ ካበጠ ቀጠሮው ይተላለፋል፤ ዕጢው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም።

እሷ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ሞኙ እሺ ማለቷ መሰለኝ። ለካ መስማቷን መግለጿ ብቻ ነበር።

በሰፈራችን የካቶሊክ ቁምስና ዝማሬ የምታነሣው እሷ ናት። ኦርጋኑ ቢበላሽ፣ መብራት ቢጠፋ፣ የመዘምራኑ አለቃ ቢያኮርፍ፣ እሷ አፏን ከከፈተች ሕዝቡ ይከተላል። ቁምስናው ሁሉ "ቃኚዋ" ነው የሚላት። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ቶርኖ ቤት ብረት ስቆርጥ ጆሮዬን ያደነቆርኩ ሰው ነኝ። ቅዳሴ ላይ ከኋላ በሩ አጠገብ እቆማለሁ፣ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ የቀረውን እሷ ለሁለታችንም ትመልሳለች። ከተጋባን ጀምሮ ስምምነታችን ይኸው ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኛ ቤት ዝም የሚል ስላልነበረ ይንቀዝ አይንቀዝ አላየንም።

ለሕክምናው ብለን በመጣንበት ከተማ አንድም የምናውቀው ሰው የለም። ያረፍነው ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለ ፔንሲዮን ውስጥ ነው፤ ሁለት የብረት አልጋ፣ አንድ አልዘጋ ያለ ቁም ሣጥን፣ መስኮቱን ሲከፍቱት የጎረቤት ግድግዳ። ቅዳሜ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አማተበች፤ ከዚያ በጣቷ በሩን አሳየችኝ። ነገ እሑድ ነው፣ ቅዳሴ ፈልግልኝ ማለቷ ነው። የታመመ ሰው ቢቀር ኃጢአት እንደማይሆንበት ላስረዳት ሞከርኩ። ያየችኝ አስተያየት ካፏ ከሚወጣው ስድብ ሁሉ ይብስ ነበር።

በዚሁ መሐል ልጃችን ደወለች። የእናቷን ሐሳብ ስነግራት ደነገጠች። የሚዘመርበት ቦታ ከወሰድኳት አፏን እንደማትዘጋ፣ ቀጠሮው ከተላለፈ ደግሞ ጉዳችን እንደሚፈላ እያለቀሰች አደራ አለችኝ። ልክ ነበረች። ስለዚህ ሌላው መንገደኛ ጥሩ መዘምራን ያለበትን ቤተ ክርስቲያን ሲፈልግ፣ እኔ ዝማሬ የሌለበት ቅዳሴ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ካቴድራሉ ሄድኩ። እኔ እንኳን ደንቆሮው ገና ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሰማሁት። ነጭ የለበሱ መዘምራን በደረጃው ላይ ተደርድረው ይለማመዳሉ፤ ኦርጋኑ ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። ባለቤቴን እዚህ አምጥቶ ዝም በይ ማለት ሰካራምን መጠጥ ቤት አስቀምጦ አትቅመስ እንደማለት ነው። ወጣሁ። ሁለተኛው ከገበያው ጀርባ ያለ ቁምስና ነበር፤ እዚያ ደግሞ ወጣቶች ጊታርና ከበሮ ይዘው ያጨበጭባሉ። ከአጥሩ ሳላልፍ ቆምኩና የግቢውን ጥበቃ ጠጋ ብዬ፣ የማይዘመርበት ቤተ ክርስቲያን ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ጥሩ የሚዘመረው የት እንደሆነ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ እንደማያውቅ እየሳቀ ነገረኝ። ቢሆንም አላሳፈረኝም። ከጎማ ጠጋኞቹ መንገድ መጨረሻ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ እዚያ ሰዉ አሜን እንኳን የሚለው ሕፃን የተኛበት ቤት እንደገባ ሰው ቀስ ብሎ ነው አለኝ።

ቆሞሱን፣ የቤተ ክርስቲያኗን ኃላፊ ካህን፣ ደጁን ሲጠርጉ አገኘኋቸው፤ የሸበቱ፣ ጎንበስ ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ነገ ይዘመር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አፈሩ። ወጣቶቹ ወደ ካቴድራሉ እንደሄዱ፣ የኦርጋኑን ሆድ አይጥ እንደበላው፣ እሳቸው ራሳቸውም ገና የዘርዓ ክህነት ተማሪ ሳሉ መምህራቸው አንተስ አንብብ እንጂ አትዘምር ብለው እንዳሰናበቷቸው አጫወቱኝ። አባ፣ እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው ብዬ እጃቸውን ስስም ግራ ገባቸው። መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቆመው ሸኙኝ።

ለቃኚዋ ሁሉንም በግልጽ ነገርኳት። ካቴድራሉንም አልደበቅሁ፣ ከበሮውንም አልደበቅሁ። በእጇም ቢሆን ተከራክራ ታደክመኛለች ብዬ ነበር። ትንሽ አሰበችና ትንሿን ቤተ ክርስቲያን መረጠች፤ እንዲያውም ፈገግ አለች። በቀላሉ እሺ ስትል መጠርጠር ነበረብኝ። የፈሩት ይደርሳል።

እሑድ ጠዋት ገባን። ጠባብ አዳራሽ ነው፤ ኖራው የተላጠ ግድግዳ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ አንደኛው እግሩ አጥሮ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ። ያሉት ጥቂት ምእመናን ሁሉም ከኋላ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ የፊተኞቹ ወንበሮች ባዶ ናቸው። እኔ እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ልቆም ዞር ስል፣ እሷ በመሐል ቀጥ ብላ ሄዳ የመጀመሪያው ወንበር ፊት ቆመች። ምን ላድርግ፣ ተከተልኳት።

አባ ወጡ፣ አማተቡ፣ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳይነቅሉ "እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን" ብለው አነበቡ። ከኋላችን ጉርምርምታ ተሰማ። ከአጠገቤ ግን "ከመንፈስህም ጋር" የሚል ዜማ ተነሣ።

ድምፅዋ የድሮው አልነበረም። ዕጢው አሻክሮታል፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ዜማው ግን ቀጥ ያለ ነበር፤ ባዶዎቹን ወንበሮች ሁሉ አዳረሰ። አባ ቀና ብለው አዩን፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ማንበባቸውን ቀጠሉ። እጅጌዋን ያዝኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀችና ቀጣዩንም በዜማ መለሰች። ሙዳየ ምጽዋት የያዘ አስተናባሪ መጥቶ ጎንበስ አለና፣ እናቴ፣ እዚህ እንዲህ አናደርግም፣ ሰው ይረበሻል አላት። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መሠዊያው መለሰች።

ለንባቡ ስንቀመጥ ደሜ ፈልቶ ነበር። ሊያብጥብሽ ነው፣ ሰኞ ሊቀርብሽ ነው፣ ልትሞቺብኝ ነው ወይ አልኳት። ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

"ለማን ላስቀምጠው?" አለችኝ። "ካቴድራሉ ብንሄድ በዚያ ሁሉ መዘምራን መሐል ማን ይሰማኝ ነበር? ጎሽ፣ ጥሩ ቦታ መርጠህልኛል።"

ዶክተሩ ስለ ጉሮሮዋ ይናገራል፣ ልጃችን ትፈራለች፣ እኔ እፈራለሁ፤ ሁላችንም ከእሷ የሚወጣውን እንደ ዕጢ ብቻ ነበር የቆጠርነው። አብሮ የሚወጣውን የምታውቀው ባለቤትየዋ ናት። ይህን ሳስብ ንዴቴ አልበረደም፤ አቅጣጫውን ለወጠ እንጂ።

ስብከቱ አልቆ ኅብስቱና ወይኑ ሲቀርብ አስተናባሪው ተመልሶ መጣ። አሁን የዞረው ወደ እኔ ነው። ባለቤቴን ይዤ ብወጣ እንደሚሻል፣ ካልሆነም ከኋላ ሄደን በጸጥታ እንድንቀመጥ በጆሮዬ ነገረኝ። እኔም በጆሮው ልመልስለት ነበር። ነገር ግን ቶርኖ ቤት የኖረ ሰው ሹክሹክታ አያውቅም፤ እኔ ቀስ ብዬ ተናገርኩ ስል ሌላው ጮኸብን ይላል።

"ነገ ማንቁርቷን ያወጡታል። የምትዘምረው ዛሬ ብቻ ነው" አልኩት። "ማስወጣት ካማረህ እኔን አስወጣኝ፤ እሷ ግን ከዚህ ወንበር ንቅንቅ አትልም።"

ዘወር ስል ሁሉም እኔን ያያሉ። አባም ጽዋውን እንደያዙ ቆመው ያዩኛል። ምን ያህል እንደጮህኩ የገባኝ ያኔ ነው፤ ግን አላፈርኩም። አስተናባሪው ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

አባ ጽዋውን አስቀመጡ። የመሥዋዕቱን ጸሎት አደረሱና፣ እንደገና ሰላምታውን የሚሰጡበት ቦታ ሲደርሱ ቆም አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን" አሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ዘመሩት።

መምህራቸው አልተሳሳቱም። እኔ እንኳን ዜማው መንገድ እንደሳተ አውቄአለሁ፤ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ እንዲያ ነው የሚጮኸው። ቃኚዋ አልሳቀችም። እሳቸው እስከወደቁበት ድረስ ወርዳ ከዚያ አንሥታ መለሰችላቸው። "ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ" ሲሉ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ካነሣችበት ግን ብዙም አልራቁም። እሳቸው ይስታሉ፣ እሷ ታቀናለች። ላብ አጠመቃቸው፣ ወደ ማንበብ ግን አልተመለሱም።

"ቅዱስ፣ ቅዱስ" ላይ ስንደርስ ከኋላ አንዲት አሮጊት ዝማሬው ውስጥ ገቡ፤ ቀጥሎ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሁሉም በየራሱ ዜማ ነው፣ ማንም ለማንም አላሳመረም። አስተናባሪው ሙዳየ ምጽዋቱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እሱም ይዘምራል። እኔ አልዘመርኩም። ሁሉም ሲዘምር አንድ ሰው መስማት ነበረበት፤ ደህና የቀረውን ጆሮዬን ወደ እሷ አዙሬ ቆምኩ። ያን ሁሉ ዘመን አጠገቧ ኖሬ እንዲህ አጥርቼ ሰምቻት አላውቅም። አልቅሻለሁ፣ ምን ይደበቃል።

በሰላም ሂዱ ሲባል ድምፅዋ ቀጥኖ ሊበጠስ ደርሶ ነበር፤ እሱንም ቢሆን መልሳ ጨረሰችው። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ አባ ደጁ ላይ ጠብቀው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከተካኑ ጀምሮ ሳይዘምሩ መኖራቸውን፣ ከዛሬ በኋላ ግን ምእመናኑ ይታገሷቸው እንጂ ወደ ማንበብ እንደማይመለሱ ነገሯት። እሷ ልምምድ እንደሚያስፈልጋቸው በእጇ አመለከተቻቸው። አሮጊቷ ሳቁ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ እኔ ግን መሳቅ አቅቶኝ መንገዱን አየሁ።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ ውስጥ ዶክተሩ መስተዋቱን ጉሮሮዋ ውስጥ አስገብቶ አየ፤ ፊቱ ተቀያየረ። መቅላቱን፣ ትንሽም ማበጡን ተናገረ። ድጋሚ አየ። ቢተላለፍ ለልጄ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም ነበር። ከነርሷ ጋር ሲነጋገር ቆይቶ በመጨረሻ ለዛሬው ሥራ እንደማያግደው ወሰነ። ግን ተቆጥቷል። ጓንቱን እያወለቀ ወደ እሷ ዞረ።

"እንዲያሳርፉት ነግሬዎት አልነበረም?" አላት። "በድምፅዎ ምን ሲሠሩበት ነበር?"

እኔ ሳል ነው፣ ስታስል ነው ያደረችው ልል አፌን ከፈትኩ። በእጇ ገፋ አደረገችኝ። ከትራሱ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው።

"ዘመርኩበት" አለችው።

አልጋውን እየገፉ ወሰዷት። በዚያ ድምፅ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው፤ ይቅርታ አልጨመረችበትም።