የነሐሴ ቆጠራ

ፍሥሐ ወደ ደብረ ብርሃን ሲዛወር አገሩን አያውቀውም ነበር። ቤት ያፈላለግኩለትም፣ ጥምቀትን አንኮበር ዘመዶቼ ዘንድ ወስጄ ያዋልኩትም እኔ ነኝ። እሱ ዶክተር ነው፤ እኔ የምርምር ቤታችን የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ። ትምህርቴ ከስምንተኛ አላለፈም። የቀረውን ምሁራኑ ሲነጋገሩ እየሰማሁ ነው የለቀምኩት።

"ጋሽ ዘርአ ዳዊት፣ ያንተ ዓይን የኔ ዓይን ነው" ብሎ የባሕሩን ሥራ ሰጠኝ።

ሩቅ አገር፣ ወንዝ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ፣ ጄሊ የሚሉት ፍጥረት አለ። እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ጎኑ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረውን ፀጉር እያርገበገበ ይዋኛል። ምግቡ ፕላንክተን ነው፤ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነፍሳት። ጄሊው ገላው ስስ ነው፣ ቶሎ ይፈርሳል፤ ስለዚህ እዚያው ጀልባ ላይ ይቆጥሩታል። የፕላንክተኑን ምስል ግን በየወሩ በኢንተርኔት ይልኩልናል፤ እሱን የምቆጥረው እኔ ነኝ። አሥር በሞላ ቁጥር አንድ ባቄላ ሳህን ላይ እጥላለሁ።

የፍሥሐ ጽሑፍ ምግቡ ሲበዛ ጄሊው ይበዛል የሚል ነው። እስከ ሐምሌ ድረስ ልክ ነበር። ነሐሴ ላይ ጄሊው ከመቼውም ይልቅ በዛ፤ ሐምሌ ላይ ሦስት መቶ የነበረው ፕላንክተን ግን አርባ አንድ ሆነ።

"ምን ይገርማል?" አልኩት። "በግ የበዛበት መስክ ሣሩ ያጥራል። ግጠው ጨርሰውት ነው። ቆይ፣ ጄሊውም ይመነምናል።"

ሳቀ። "አንተ ደግሞ ፕሮፌሰር ሆንክብኝ!"

ጥቅምት ላይ ለምርምር መጽሔት የሚላከውን ሰንጠረዥ አመጣልኝ፤ "ቆጣሪ" ከሚለው ሥር እንድፈርም። ነሐሴ አራት መቶ አሥር ይላል።

"አርባ አንድ ነበር እኮ።"

"አርባ አንዱ ባቄላው ነው፣ ጋሼ። በአሥር ማባዛቱን ረስተኸዋል። ፍልሰታ አልነበር? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ነው የምትቆጥረው። አይዞህ፣ አልቀየምህም።"

አመንኩት። አፈርኩም። ጾሜ የሰው ልፋት አበላሸ ብዬ፣ ወረቀቱን ሳልፈርም ይዤ፣ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው።

"እንዲህ ከሚቆጭህ ደግመህ አትቆጥረውም?" አሉኝ።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ማርያማዊት የነሐሴን ፋይል ከፈተችልኝ። ያን ቀን ምሳዬን በልቼ ነው የተቀመጥኩት። አርባ አንድ። እሷም ቆጠረች፤ አርባ አለች። ከዚያ ፋይሉ ውስጥ ሌላ ነገር አየች።

"ጋሼ፣ ይሄ የዶክተር ጽሑፍ አይደል?"

በስልክ የተነሣ ገጽ ነው፣ የፍሥሐ የእጅ ጽሑፍ። "ነሐሴ፣ ራሴ ደግሜ የቆጠርኩት፦ 42።" ቀኑ ጳጉሜን ሁለት ይላል።

ተሳስቶ ቢሆን ምን ነበረበት! ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው ጾሜን ያነሣብኝ።

ቢሮው ገባሁ።

"ፈረምክልኝ?" አለኝ ፈገግ ብሎ።

"ጳጉሜን ሁለት ስንት ቆጠርክ?"

ፈገግታው ጠፋ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። "ጋሼ፣ አንዲት ወር እኮ ናት። የሦስት ዓመት ልፋቴን ልታፈርስብኝ ነው።"

"አይፈርስም። የመስከረም ጄሊ ከግማሽ በታች መውረዱን ከጀልባው ጽፈውልሃል። ምግቡ ያበዛቸዋል፤ ሲበዙ ይጨርሱታል፤ ሲጨርሱት እነሱም ያልቃሉ። ይህንኑ ጻፈው።"

"እንደ አዲስ ልጀምር? የማስረከቢያው ቀን ዓርብ ነው!"

"እሺ፣ ያንተስ ይሁን። እኔን በጾሜ ለምን መጣህብኝ?"

"ኮምፒዩተሩ ነው የተሳሳተው፣ ሌላ ሰው ነው ብልህ ትከራከረኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ይሄን ግን እንደምታምነኝ አውቃለሁ።"

እውነቱን ነው። ዓመት ከመንፈቅ አብረን ስንበላ አጥንቶ የያዘው ይህን ኖሯል። እኔ ወዳጅ አገኘሁ ብዬ ነበር።

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። አራት መቶ አሥሩን ሰርዤ አርባ አንድ ጻፍኩ፣ ስሜን ከነአባቴ አሰፈርኩ፣ ፈረምኩ።

"ይሄን እንዴት ብዬ ነው የምልከው?" አለ።

"ካልሆነ ሌላ ፈራሚ ይፈልጉ፣ ዶክተር" አልኩና በሩን ከፍቼ ወጣሁ።