የቶዛማ ቀይ ሸሚዝ

በእኛ መንደር ሐሙስ ሐሙስ የሴቶች ጸሎት አለ። ያገቡት ቀይ ሸሚዝ ለብሰው፣ ነጭ ኮፍያ ደፍተው ከፊት ይቀመጣሉ። ያላገባች ሴት፣ ጸጉሯ ቢሸብትም እንኳ፣ ቦታዋ ከኋላ ከልጃገረዶቹ ጋር ነው። ቶዛማ ያንን ሁሉ ሸሚዝ በገዛ እጇ የሰፋች ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሃምሳን አልፋም እዚያው ከኋላ ነበረች። ከእግዚአብሔር የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ ትዳር።

ዘንድሮ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በአክብሮት ታታ የምንለው ምቢዮ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። በሳምንቱም ሌላ ሱሪ ይዞ ተመለሰ።

"አንቺ ሴትዮ፣ የማሳጥረው ሱሪ አለቀብኝ እኮ" አላት እየሳቀ። "ቅዳሜ ሽማግሌ እልካለሁ፤ ወንድምሽ ከቤት እንዳይወጣ።"

ምስኪን፣ የዚያኑ ዕለት በራሷ ልክ ቀይ ጨርቅ ቆረጠች። ሸሚዙን ሰፍታ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ግቢዋን እስከ በሩ ድረስ ጠረገች። ለእንግዶቹ የዝንጅብል መጠጥ በባልዲ ተጠምቆ ደርሷል። ወንድሟ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል። ባርኔጣ ያደረጉ ሦስት ሽማግሌዎች ጉብታውን ወረዱ። ልጅ ለትዳር ሊጠይቅ የመጣ ሰው ደጅ ቆሞ የቤቱን ጎሳ ስም ይጠራል እንጂ ዝም ብሎ አይገባም። ቶዛማ ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች። በሯን አልፈው ሄዱና የጎረቤቷን የማራዴቤን ቤት ጎሳ ስም ጠሩ።

ብዙም ሳይቆይ ማራዴቤ እያለከለከች ገባች።

"ሲሲ ቶዛማ፣ እህቴ፣ እንግዳ ሳላስበው መጣብኝ። የዝንጅብል መጠጥ አይጠፋሽም ብዬ ነው።"

"ማን ላካቸው?" አለች ቶዛማ፣ እያወቀች።

"ታታ ምቢዮ ነዋ፣ ለልጄ ለኖሊታ። እህቶቹ ናቸው አሉ ያስገደዱት፣ ገና የምትወልድ ካልሆነች ብለው..." ማራዴቤ አንደበቷን ያዝ አደረገች። "ለአንቺም እግዚአብሔር ያሰበው አለ፣ እህቴ። እሱን ማመን ነው።"

"ባልዲውን እንዳለ ውሰጂው" አለች ቶዛማ። "ስኳሩን ቀምሼዋለሁ፣ ደህና ነው።"

ወንድሟ ኮቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ማራዴቤ ደግማ መጣች። ኖሊታ ሐሙስ ሸሚዝ ልትለብስ ነው፣ ከተማ ደግሞ ቀዩ ጨርቅ ጠፍቷል።

"አንቺ ዘንድ መቼም አይጠፋም።"

አልጠፋም። ቶዛማ ሳጥኑን ከፈተች፣ የሸሚዙን ጎንና ጎን ተረተረች፣ በዚያች ቀጭን ልጅ ወገብ ልክ አጥብባ ሰፋችው። አልተቀየመችም ብል ውሸት ነው፤ መርፌው ሁለቴ ጣቷን ወግቷታል።

ሐሙስ አሮጊቶቹ እየዘመሩ ኖሊታን ሸሚዙን አለበሷት። ከዚያ እንደ ልማዱ ሁሉም ባንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልይ ጀመር። በዚያ ጫጫታ መሃል ቶዛማም ከኋላ ሆና ተናገረች።

"ጌታዬ፣ አንተ ታውቃለህ ይሉኛል። እሺ፣ ታውቃለህ። እኔ ግን ምኑም አልገባኝም፣ አሞኛልም። ደግሞ ካንተ ሌላ የምሄድበት የለኝም፤ የሚመጣው ሐሙስም እዚሁ ነኝ።"

ቀና ስትል ኖሊታ ከፊት ቆማለች። ሸሚዙ ወገቧ ላይ ልክክ ብሏል። ትከሻው ግን ሰፍቷታል፤ ቶዛማ ትከሻውን አልነካችውም ነበር።